የክላቮኮፔ ድረ ገጽ ከፍላሽ የተነሣበት ጉባኤ

የክላቮኮፔ ተወላጆች ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ
ቅዳሜ ሴፕቴምበር 6፣ ከቀኑ 9፡00 ሰዓት
ሆ ከተማ፣ ከዳቪ አክፔኔ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ፣ ማንጎው ሥር

የተገኙ፦
1. ኤፎ ሴናኑ ዶቴ፣ ሊቀመንበር
2. ዳቪ አክፔኔ፣ ገንዘብ ያዥ
3. ኮብላ፣ የድረ ገጽ ኃላፊ፣ የሊቀመንበሩ የእህት ልጅ
4. ያይራ አግቤንዮ፣ ጸሐፊ፤ መናገርም ሆነ ድምፅ መስጠት የማይፈቀድላት፣ ካልተጠየቀች በቀር

ሦስቱ ባለ ድምፆች በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ያለፈው ቃለ ጉባኤ ያለው ድረ ገጹ ላይ ስለሆነ፣ ድረ ገጹም ስለሌለ፣ አልተነበበም።

አጀንዳ 1፦ ድረ ገጹ የት እንደገባ

ኮብላ ድረ ገጹን ወደ ሌላ አስተናጋጅ ድርጅት ለማዛወር የአሮጌውን ውል መዝጋቱን፣ ዕቃውን ማውጣት ያሰበው ግን ከዘጋ በኋላ መሆኑን አስረዳ። መጠባበቂያ ቅጂ እንዳለ ተጠይቆ እንዳለ አረጋገጠ። የት እንደሆነ ሲጠየቅ «እዚያው አሮጌው ጋ» አለ። ዳቪ አክፔኔ «መለዋወጫ ቁልፉን ቤት ውስጥ ቆልፈህበት ወጣህ በለኛ፣ የኔ ሊቅ» አሉ። ኮብላ አቦሎ የተባለውን የበቆሎ ዳቦ ጎረሰ።

አጀንዳ 2፦ የሚመለስበት መንገድ

የቦዬ በዓል ሳምንት ቀርቶታል፤ ከአክራና ከሎሜ የሚመጡት ፕሮግራሙን የሚያዩት ድረ ገጹ ላይ ነው። ጸሐፊዋ ተጠይቃ ፍላሽ ላይ ቅጂ እንዳላት፣ የተወሰደው ግን ባለፈው ዓመት ጁን 15፣ በምርጫው ማግስት መሆኑን ሁለት ጊዜ አሳሰበች። ሊቀመንበሩ «ቀኑን ተይውና አውጪው። አንቺ ደግሞ ነገር ማንዛዛት ትወጃለሽ» አሉ። ከረዥም ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በ10፡50 ድረ ገጹ ተመለሰ።

አጀንዳ 3፦ አብሮ የተመለሰው

ዳቪ አክፔኔ ዲሴምበር ላይ የተቀበሩት አማካሪያችን ቶግቢ ሆጂ የድረ ገጹ የሹሞች ዝርዝር ላይ ከነፎቷቸው፣ ከነፈገግታቸው መመለሳቸውን አመለከቱ። «ለለቅሷቸው ሦስት ቀን ሙሉ አብስያለሁ፤ ሁለተኛ አላበስልም» ማለታቸው እንዲመዘገብላቸው ጠየቁ። ተመዝግቧል። ቶግቢ ለጊዜው «በፈቃድ የቀሩ» እንዲባሉ ተወሰነ።

ሊቀመንበሩ የራሳቸውን ስም ፈለጉ፤ አጡት። በሊቀመንበርነት የሚነበበው በ212 ድምፅ የተመረጠችው የያይራ አግቤንዮ ስም ነው። የማኅበሩን ደንብ አንቀጽ 7 እንድታነብ ዳቪ አክፔኔ ጸሐፊዋን ጠየቁ። ኤፎ ዶቴ ራሳቸው ባለፈው ዓመት ጁላይ ያስወሰኑት ነው፤ «ስሙ ድረ ገጹ ላይ የሌለ ሰው ሹም አይደለም» ይላል። በዚያው ዕለት ኮብላ የያይራን ስም ከሊቀመንበርነት ሰርዞ የአጎቱን ተክቶ ነበር። ስታመለክትም ኤፎ ዶቴ «ድረ ገጹ ላይ የለሽም፤ ምን ላድርግ» ብለዋት ነበር።

ኤፎ ዶቴ ስሟ አሁኑኑ እንዲሰረዝ ሐሳብ አቀረቡ። ኮብላ የይለፍ ቃሉም አብሮ ወደ ጁን መመለሱን፣ ቃሉን የምታውቀው ያይራ ብቻ መሆኗን ዝግ ባለ ድምፅ ገለጸ።

«ንገሪው እንጂ» አሏት ኤፎ ዶቴ።

«ድረ ገጹ ላይ የለህም፣ ኤፎ» አሉ ዳቪ አክፔኔ። «ምን ታድርግ?»

ከ11፡30 ጀምሮ ስብሰባውን ሊቀመንበር ያይራ መርታለች።

የመጨረሻ ውሳኔ

ዛሬ እስከ 11፡30 የተወሰነው ሁሉ ሹም ባልሆነ ሰው መሪነት የተወሰነ ስለሆነ ተሽሯል። ቶግቢ ሆጂ በክብር ወደ ዕረፍታቸው ይመለሳሉ። የድረ ገጹ መመለስ ብቻ እንደ አዲስ ጸድቋል። አንቀጽ 7 ራሱ ከ11፡41 ጀምሮ ተሰርዟል፤ ሊቀመንበሯን የመረጧት 212 ሰዎች እንጂ ድረ ገጽ አይደለም።

በ11፡42 ስብሰባው ተበትኗል። ኤፎ ዶቴ ለመፈረም እስክሪብቶ ጠይቀው ተሰጥቷቸዋል፤ የሚፈርሙበት ቦታ ግን አልተገኘም።

ያይራ አግቤንዮ
ሊቀመንበር