ፍልሰታን የጾመች ዛፍ

እናንተ፣ ሰው ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል ያምራል ብሎ ዛፍ ይገዛል? እኔ ሮም እስክመጣ ድረስ ዛፍ የሚተከለው ለጥላ፣ ለፍሬ፣ ካልሆነም ለማገዶ ይመስለኝ ነበር። የእኔ ሲኞራ ግን ሰሜን የምትኖር እህቷ በጥቅምት ደጇ ላይ የተነሣችውን ፎቶ ላከችላትና እንቅልፍ አጣች። ከእህቷ ኋላ ያለው ዛፍ ደም መስሎ ቀልቷል። ሲኞራም ወር ሳይሞላ ያንኑ ዛፍ፣ አቼሮ ሮሶ የሚሉትን ቀይ ሜፕል አስመጥታ ግቢዋ መሃል አስተከለች።

እኔ የቤቱን ሥራ እሠራለሁ፤ አትክልቱ የጋሽ ሙሉጌታ ነው። ከቶር ፒኛታራ ሰፈር በሁለት አውቶቡስ እየመጡ ዛፏን ጠዋት ማታ አጠጧት። የሚቀጥለው ጥቅምት መጣ፣ አረንጓዴ። ኅዳርም አረንጓዴ። ታኅሣሥ ላይ ቡናማ ሆና ረገፈች። የሮም ሙቀት መቼ ቅጠል ያቀላል? ሲኞራ ሮምን መቆጣት ስለማትችል ጋሽ ሙሉጌታን ተቆጣች። "አሎራ ሙሉ፣ በሚመጣው ዓመትም ካልቀላ ኮንትራትህን አላድስም" አለቻቸው። የሽማግሌ ስም እንኳ ቆርጣ ነው የምትጠራው። ኮንትራት ከሌለ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ማለት ነው፣ አይታደስም፤ ፔርሜሶ ከሌለ ደግሞ በእርጅና ጎዳና ነው። በጣም ነው የተናደድኩት።

ነሐሴ ገባ። ሮማውያን ወደ ባሕር፣ እኛ ወደ ፍልሰታ። ጋሽ ሙሉጌታ በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ሱባዔ ይይዛሉ። አስቀድመው "ጾም ልገባ ነው" ብለው ነገሯት፤ እሷም "ቫ ቤኔ"፣ እሺ ይሁን አለች። ለሲኞራ ጾም ማለት ፎርማጆ አለመብላት ነው፤ ሥራ ያስቀራል ብላ አላሰበችም። እሳቸው ደግሞ ቫ ቤኔ ካለች የሚያጠጣ ሰው ትቀጥራለች ብለው በሰላም ሄዱ። እኔን ምግብ እንድሠራላት ባሕሩ አጠገብ ወዳለው ቤቷ ይዛኝ ሄደች። በዚያ ሐሩር ዛፏን ማን ይያት? ጋሽ ሙሉጌታ እንኳ ከቅዳሴ በኋላ ሽምብራ ይቀምሱ ነበር፤ ዛፏ ግን ጠብታ ውሃ አላገኘችም።

ስንመለስ ዛፏ ከላይ እስከ ታች ቀልታለች። ጋሽ ሙሉጌታ ቀድመውን ደርሰው ሥሯ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ልጄ፣ ገደልኳት እኮ" አሉኝ በአማርኛ። "በጥም ነው የቀላችው።"

ሲኞራ ግን ሻንጣዋን ጥላ ሄዳ ሁለት ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። ምን አድርገህላት ነው አለቻቸው። ከሱባዔ የወጣ ሰው እንዴት ይዋሻል? "ጾማ ነው" አሏት።

ከዚያ በኋላማ ስልኩ አላረፈም። እህቷን ጨምሮ ለማን ያልደወለችው አለ? አትክልተኛዬ ዛፍ ያስጾማል፣ የአፍሪካ ጥበብ ነው፣ እያለች። ዓመት ሙሉ ሲያጠጡ ሊባረሩ የነበሩት ሰውዬ ውሃ ሲጠፋ ኮንትራት ተፈረመላቸው።

ትናንት ደግሞ፣ ሌላ ጾም አላችሁ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ብዙ አለን አሏት። እንግዲያው አንዱም አይለፋት አለች።

ፔርሜሶአቸው የሁለት ዓመት ነው። ዛፏ ያን ያህል የምትቆይ አይመስለኝም።