ክቡር ቀማሽ እና ባለ ሦስት ንብርብሩ ኬክ

በየቤቱ አንድ ክዳን ከፋች አለ። እኛ ቤት የለም የሚል ካለ፣ ክዳን ከፋቹ እሱ ራሱ ነው። ድስት በተጣደ በአምስተኛው ደቂቃ ኮቴውን ሳያሰማ ኩሽና ይገባል፣ ክዳን ያነሳል፣ እንፋሎቱን በእጁ ወደ አፍንጫው ይስባል፣ ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው «ለጨው ነው» ይላል። ለጨው ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው ጨው ገዝቶ ሲመጣ ግን አይታችሁ አታውቁም።

በእኛ ቤት ይህን ሥልጣን የያዙት የባለቤቴ አባት፣ ክቡር ቀማሽ ናቸው። ፊት ለፊት «አባባ» እላቸዋለሁ። ለሠላሳ አንድ ዓመት የአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት የወጥ ቤት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሥራቸው፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ ምግቡ ለተማሪዎች ከመቅረቡ በፊት ከየድስቱ አንድ አንድ ማንኪያ ቀምሶ ሩብ ሰዓት መጠበቅ ነበር። ሩብ ሰዓቱ አልፎ እሳቸው ደህና ከሆኑ ይፈርማሉ፣ የምሳ ደወል ይደወላል። ጡረታ ሲወጡ ደወሉ እዚያው ቀረ፣ ማንኪያው ግን አብሯቸው መጣ። ዛሬም በንጹህ መሐረብ ተጠቅልሎ የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ይኖራል።

እኔ ይህን ታሪክ ተጠራጥሬው ነበር የኖርኩት። ሆዳምነት የደንብ ልብስ ለብሶ የመጣ ነበር የሚመስለኝ። የመጀመሪያው ማንኪያ ለጥንቃቄ ነው እንበል። ሁለተኛው ለምንድነው? «ፊተኛው ትኩስ ስለነበር ምላሴን አሳሳተኝ።» ሦስተኛውስ? «ከታች ያለው ከላይኛው ይለያል ልጄ።» እንዲህ ከላይና ከታች ሲባል ድስቱ ይጋመሳል።

የጎረቤታችን ልጅ በተመረቀች ጊዜ በጓሮ በር ገብተው ስድስቱን ድስት ዞሩ። አብሳይዋ ሌላ አብሳይ የላከባት ሰላይ መስለዋት በጭልፋ አባረረቻቸው። ምግብ ቤት ከሄድን የሁላችንንም ሳህን ይጎበኛሉ። አንዴማ አጠገባችን ብቻውን የሚበላ የማናውቀው ሰው ሾርባ ላይ ዓይናቸውን ሲጥሉ እጃቸውን ይዤ ነው ያስቀረሁት። እህቴ ታማ ሆስፒታል የተኛች ጊዜም ያደረስንላት ምግብ ሲከፈት መሀሉ ላይ የማንኪያ ጉድጓድ ተገኘ። እሷ ስቃ ዳነች፣ እኔ ግን በአፍረት በሷ ቦታ ልተኛ ምንም አልቀረኝም።

ይሄ ሁሉ አለፈ እንበል። ከሁለት ወር በፊት ግን የልጄ እጮኛ እናቱን ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ እኛ ቤት እራት ሊመጣ ሆነ። እናቲቱ ሃያ ዓመት ያስቆጠረ ኬክ ቤት ያላት ሴት ናት። እኔ ደግሞ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በስልክ «ሁሉንም በገዛ እጄ ነው የምሠራው፣ ፓስታውንም ኬኩንም» አልኳት። «ኬኩን ጭምር? እሺ፣ እናያለን» አለች። ከዚያ ስልክ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ልጄ ትዳሯን በእናቷ ኬክ እየተተረበች እንዳትጀምር ፈራሁ።

እሁድ ጠዋት ዱቄቱን በእንቁላል አቦካሁ፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሼ አሳረፍኩት፣ እስኪሳሳ ዳመጥኩት፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ ቀጠን ቀጠን አድርጌ ቆረጥኩና ንጹህ ጨርቅ ባለበስኳቸው የወንበር መደገፊያዎች ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ቆጠርኩ። ስልሳ አራት። ዝኩኒና ካሮት ከትፌ፣ ቲማቲሙን ልጬ ስመለስ ስልሳ ሦስት ሆኗል።

«አባባ፣ ጥሬ ሊጥ?»

«ለጨው ነው» አሉ እያላመጡ። «አንሶታል።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከኩሽናው ደጃፍ እንዳያልፉ ከለከልኳቸው። በሩ ላይ ቆመው ኬኩን ስሠራ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩኝ ጀመር። ሦስቱን ክብ ኬኮች እያነባበርኩ በየመሀላቸው ክሬም ቀባሁ፣ ማንጎና እንጆሪ ደረደርኩ። እውነቴን ነው፣ አምሮ ነበር።

«ኬኩን ግን አልቀመስኩትም» አሉ ስጨርስ።

«አይቀምሱትም። ቁራሽ የጎደለው ኬክ ለእንግዳ አይቀርብም።»

«ያልተቀመሰስ ይቀርባል እንዴ?»

ኬኩን ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁ፣ በሩን በወንበር ደገፍኩ፣ ወንበሩ ላይ ሁለት ባዶ ድስት ጫንኩ። ሲከፍቱት ይሰማኛል ብዬ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ክዳን ሲያነሱ የኖሩ ሰው መሆናቸውን ረስቼዋለሁ።

ፓስታው ገና ከድስቱ ሳይወጣ እንደ ልማዳቸው ቀመሱት፣ በዚያ ለእንግዳ ስል አልተጣላሁም። እንግዶቹ መጡ፣ በላን። ባለ ኬክ ቤቷ ደግማ ወሰደች። «ልስልስ ብሏል፣ አትክልቱም አልፈረሰም» ስትል ትከሻዬ ላይ የነበረው ጓዝ ወረደልኝ። ክቡር ቀማሽ ግን አንድ ነገር ሆነዋል። ዓይናቸው ከእጄ ላይ አይነሳም። ሹካ ሳነሳ ያያሉ፣ ሳስቀምጥ ያያሉ። ጉርሻዬን እየቆጠሩብኝ ነው ብዬ በገንኩ። ድንገት «እጄን ልታጠብ» ብለው ተነሱ፣ ሳህናቸው ሳያልቅ። እኚህ ሰው በሕይወታቸው ሳህን ሳይጨርሱ ተነስተው አያውቁም።

ተከትያቸው እንዳልሄድ ሴትዮዋ የሠርጉን ቀን ጉዳይ አንስታለች። እሺ፣ አዎ፣ እንዳልሽው እላለሁ፣ ልቤ ያለው ግን ፍሪጁ ጋ ነው። በመጨረሻ «በይ እንግዲህ፣ ያን ኬክ እንየው» አለች። ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

ሁለቱ ድስቶች ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ፍሪጁ ተከፍቷል። የኬኩ ሰሃን ላይ የቀረው ፍርፋሪና አንድ እንጆሪ ነው። ክቡር ቀማሽ ማንኪያቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ፂማቸው ላይ ክሬም አለ።

«በላሁት» አሉ። «አልቻልኩም ልጄ፣ አሸነፈኝ።»

«አባባ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ሆድዎን መቻል አቃተዎት? በልጅ ልጅዎ ቀን?» ድምፄ ሳሎን ድረስ ተሰማ። ዘወር ስል ባለ ኬክ ቤቷ ልታግዘኝ ሳህን ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። አባባ አንገታቸውን ደፉ። እሷ ግን በሳቅ ሞተች። «ተያቸው እባክሽ፣ ሙሉ ኬክ በቁም የሚያስጨርስ እጅ ካለሽማ እኔ ቤቴን ልዝጋ» አለች። እራቱ በሳቅ አለቀ፣ የሠርጉ ቀን ተቆረጠ፣ እንግዶቹ መርቀውን ሄዱ። አባባን ሳላናግራቸው ወደ ሳህኖቼ ተመለስኩ።

አሁን ያልነገርኳችሁን አንድ ነገር ልናገር። ጠዋት ካሮት ስከትፍ ጣቴን ቆርጬ ነበር። እንግዳ ጠርታ ጣቷን ከተፈች እንዳልባል ለማንም አልተነፈስኩም፣ ለእናንተም ጭምር። ፕላስተር ለጥፌ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሳህን ሳጥብ ሳሙናው ጣቴን ሲለበልበኝ አየሁት። ፕላስተሩ የለም።

ውሃውን ሳልዘጋ ወደ ክፍላቸው ሄድኩ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ ጣቴን አዩ። ከዚያ ከኪሳቸው የታጠፈ ሶፍት አውጥተው ሰጡኝ። ከፈትኩት። ፕላስተሬ ማንጎ እንደተቀባ ነው።

«ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ንብርብር መሀል ነበር» አሉ። «ማንጎውን ስትደረድሪ ጣትሽ ላይ አይቼዋለሁ። እራት ስታቀርቢ የለም። ፓስታውን ቀምሼዋለሁ፣ የቀረኝ ኬኩ ነው።»

«ኬኩስ የት ገባ?»

«ከካሮቱ ልጣጭ ሥር፣ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ።»

«ፂምዎ ላይ ክሬም ነበር እኮ።»

«ኮቴያችሁን ስሰማ ቀባሁት። ሰው እንዲያምን።»

«ለምን ለእኔ አልነገሩኝም?»

«ሴትዮዋ ከኋላሽ ቆማ?» አሉ። ከዚያም ጨመሩበት፦ «ደግሞ እኔ በላሁ ቢባል ማን ይደነቃል?»

እዚያው አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ። እሳቸውም ግራ ገብቷቸው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ይቅር፣ ለሴትዮዋ እንዳትነግሪ፣ ልጅቷ እነሱ ቤት ገና መግባቷ ነው» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለቴ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ሴትዮዋ ከዚያን ቀን ጀምራ «ኬክ አጥፊው» የሚል ስም አውጥታላቸዋለች። እሷ ኬክ ቤት ስንሄድ የመስታወት ሳጥኑን እያሳየች ትቆልፋለች፣ ዘመድ ይስቃል፣ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። የሚቀጥለው ሳምንት ሠርግ ላይ ደግሞ ኬኩ አጠገብ እንዳይደርሱ በሩ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ እንደመደበቻቸው ትናንት ነገረችኝ። ቀልዷን ነው። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ይህን የጋዜጣ ገጼን ቅዳሜ ቅዳሜ እንደምታነቢ አውቃለሁ፣ የሙሽራው እናት። ኬኩን አባባ አልበሉትም፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እጄን ከማሞካሸትሽ በፊት የኔን ጣት ጠይቂ። እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ፣ በሕይወታቸውም እያሉ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ከበሩ ጥግ አንስተሽ ከጎኔ አስቀምጪልኝ። ቦታ ከሌለ ደግሞ እኔን በሩ ጥግ፣ ከሳቸው ጋር መድቢኝ።