ከፈረንሳይ የመጣው ጭማቂ

ስዊድን ውስጥ ምስጢር መያዝ የሚሉት ነገር ሲበዛ ከባድ ነው። ደመወዝህን ማወቅ የፈለገ ጎረቤት ግብር ቢሮ ደውሎ ይጠይቃል፤ እነሱም ሳይከፋቸው ይነግሩታል። ዕድሜህና አድራሻህ ኢንተርኔት ላይ እንደ ስጥ ተሰጥቷል። ለእኔ ቢጤ፣ ከተማ ዳር ላለው የሁስቢ ሰፈር ተከራይ የቀረችው ገመና መሸፈኛ ምድር ቤት ያለችው ፎሮድ ናት፤ ሻንጣና የክረምት ጫማ የሚታጎርባት በሽቦ የታጠረች የዕቃ ክፍል። እሷም ብትሆን በሽቦው ቀዳዳ ታሳያለች። ይህን እያወቅሁ ሁለት ጠርሙስ ደበቅሁባት። ምን ነካኝ?

ከሥሩ ልጀምረው። እኔና ባለቤቴ ጽጌ ጴንጤዎች ነን። ቤታችን አልኮል የሚገባው ለቁስል ብቻ ነው፤ ጽጌ አረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ ነርስ ስለሆነች ቁስሉም ቢሆን በሳሙና ይታጠብ ባይ ናት። እኔ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ወጣቶች አስተምራለሁ። ባለፈው መስከረም የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ላርሽ ደቡብ ፈረንሳይ ወዳለው ቤቱ ጋበዘን፤ እኔንና ዶክተር ሽመልስን። ዶክተር በተማሪነት መጥተው አፈር ሲመረምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ታላቅ ወዳጄ ናቸው። ለጽጌ የላርሽን ቤት አይተን እንመጣለን አልኳት። ቤቱን አይተናል፣ ምስክር አለኝ። ከቤቱ ጀርባ ስላለው የወይን እርሻ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ሳይጠሩኝ አቤት ማለት አልወድም።

የእርሻው ባለቤት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ማዳም ናቸው። ብርጭቆ ውስጥ ጉንጭ የማይሞላ ወይን ጠጅ ይቀዱልሃል፤ አፍህ ውስጥ አንከባልለህ ባልዲ ውስጥ መትፋት ነው ደንቡ። ዶክተር ትፋው ይሉሃል ብለው ተረጎሙልኝ። እንዴት ነው የምተፋው? ሰው በእጁ ያቀረበልኝን፣ እዚያው ፊቱ ላይ? እናቴ ብትሰማ ከመቃብር ተነሥታ ትቆነጥጠኛለች። ዋጥኩት። ሁለተኛውንም፣ ሰባተኛውንም ዋጥኩ። ላርሽና ዶክተር እየተፉ ቀጥ ብለው ሲራመዱ እኔ የወይኑን ተክል ተደግፌ ቀረሁ። ለጨዋነት ብዬ ሰከርኩ ብል ማን ያምነኛል?

ከዚያ በለስ ዛፍ ሥር ምሳ ቀረበ። በደረቅ የወይን ሐረግ የተጠበሰ የበግ ጎድን፣ የፍየል አይብ፣ የፀሐዩ ሙቀት ገና ያልለቀቀው ቲማቲም። ከሥጋው ጋር ያ ቀዩ ሲወርድ፣ ሐቁን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። ዶክተር ስለ አፈሩ ያወራሉ፣ ላርሽ ስዊድናዊነቱን ረስቶ ይስቃል፣ ማዳም ዳቦ ይቆርሳሉ። እኔም ሥጋውን በዳቦ ጠቅልዬ በሞቴ ብዬ ማዳምን አጎረስኳቸው። ዐይናቸው ፈጠጠ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ደገምኳቸው። ሦስተኛውን አፋቸውን ከፍተው ጠበቁኝ።

ለጽጌ ብዬ ከዚያው እርሻ ሁለት ጠርሙስ የወይን ጭማቂ ገዝቼ ነበር፤ አልኮል የሌለው፣ ቢጫ ወረቀት የተለጠፈበት። ሙቀቱ ሲበረታ ከዶክተር ጋር ጨረስነው። እዚያ አገር ደግሞ የሰፈሩ ሰው ጀሪካን እያመጣ ከበርሜሉ ቧንቧ ወይን ጠጅ እንደ ላምባ ያስቀዳል። ባዶ ጠርሙሶቼን ይዤ ተሰለፍኩ። ሰይጣን ገፋፋኝ እንዳልል ማንም አልገፋኝም፤ በእግሬ ነው የሄድኩት።

ሁስቢ ስንመለስ የልብስ ማጠቢያ ተራ የምይዘው እኔ ሆንኩ። የጋራ ማጠቢያው ክፍልና ፎሮዱ ጎን ለጎን ናቸው። ማሽኑ ሲሽከረከር እኔ ሻንጣ ላይ ቁጭ ብዬ በስኒ አንዲት ጉንጭ እላለሁ። ጽጌ ባሌ ቤት ውስጥ ማገዝ ጀመረ ብላ ለቤተ ክርስቲያን እህቶች መሰከረች። በዚህ ዓይነት አንዱ ጠርሙስ አለቀ፤ አንዱ እንዳለ ቀረ።

የጌታ እራት በሚቆረስበት እሑድ ጽጌ ማዕድ ለማሰናዳት በጠዋት ወጣች። እኔ አርፍጄ ጎረቤት ሰፈር ቴንስታ ወደተከራየነው አዳራሽ ደረስኩና ውኃ ልጠጣ ወደ ትንሿ ወጥ ቤት ገባሁ። ገንዳው አጠገብ ባለ ቢጫ ወረቀቱ ጠርሙሴ ቆሟል። ባዶውን። አፍንጫዬን አስጠጋሁት፤ የማዳም በርሜል ነው። ጽጌ ፎሮድ ገብታ ጭማቂ ነው ብላ አምጥታዋለች ማለት ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ለማዕዱ የሚጠቀመው ጭማቂ ነው።

አዳራሹ ገብቼ ያገኘሁት አንድ ክፍት ወንበር መስፍን አጠገብ ነበር። መስፍን የአውቶቡስ ሹፌር ነው። መጠጥ ትዳሩን በልቶበት፣ ሊገድለው ደርሶ፣ ከተወ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል። አንዲት ጠብታ ከቀመስኩ ተመልሼ አልነሣም ብሎ በራሱ አፍ ነግሮኛል። በዚያ ላይ እዚህ አገር አውቶቡሱ ሹፌሩ ቱቦ ውስጥ ተንፍሶ ንጹሕ መሆኑን ካላሳየ አይነሣም። መስፍን የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው፤ ከአምልኮ በኋላ ተረኛ ነኝ አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። እንደዚያ ቀን ፈገግታ አስጠልቶኝ አያውቅም።

ለጽጌ መልእክት ላክሁ። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ቦርሳዋ ጓዳ። በእጄ ጠራኋት፤ ከማዕዱ አጠገብ ሆና አርፈህ ተቀመጥ የሚል ዐይን ላከችብኝ። ፓስተሩ ሁሉም ራሱን እንዲመረምር ነገሩንና ዐይናችንን ጨፈንን። እኔ ራሴን ለመመርመር ያን ያህል ጊዜ አላስፈለገኝም። ተነሥቼ ልናገር? ባለፈው ወር ለወጣቶቹ ስለ ስካር ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ በሦስት ነጥብ ከፍዬ። ዝም ልበል? መስፍንስ?

ትንንሾቹ ጽዋዎች የተደረደሩበት ትሪ ከፊት ወንበሮች ጀምሮ መጣ። እኛ ጋ ሁሉም ጽዋውን ይዞ ይጠብቃል፤ ፓስተሩ ሲያዙ አብረን ነው የምንጠጣው። መስፍን አንዷን አነሣ። በክርኔ ገጨሁትና ሱሪው ላይ ፈሰሰ። ይቅርታ አልኩት። ትሪ የያዘችው እህት በርኅራኄ ሌላ ሰጠችው፣ እስከ አፏ የሞላች። የራሴን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። ሸተተኝ። ፈሪ አፍንጫ የፈራውን ያሸታል፣ ግን ያኔ ይህን ማን አስታወሰ? ጆሮው ጋ ጠጋ ብዬ አትጠጣ አልኩት። እየጸለየ ስለነበር አልሰማኝም። ፓስተሩ ጽዋውን ወደ ላይ አነሡ። የመስፍን እጅ ተነሣ።

ቆምኩ። ማንም እንዳይጠጣ፣ ይህ ወይን ጠጅ ነው አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር። አንዴ ከተከፈተ ወዲያ አፌ አልዘጋ አለ፤ የማዳምን እርሻ፣ ያልተፋሁትን ሰባት ጉንጭ፣ ቧንቧውን፣ ፎሮዱን፣ የልብስ ማጠቢያውን ተራ ሳይቀር ዘረገፍኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት ሰዎች ግን በሽታቸውን ለሰማንያ ሰው አልተናገሩም። ወጣቶቼ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። አንደኛው በስዊድንኛ ለጓደኛው ይተረጉማል።

ፓስተሩ ጽዋውን አሸተቱ። ቀመሱ። ወደ ጽጌ ዞሩ። እሷም መሬት መሬት እያየች፣ ቀስ ብላ፣ ጭማቂ ነው አለች። ጠርሙሱን ጠዋት ስትከፍተው ሸትቷት ገንዳ ውስጥ ደፍታዋለች፤ ሌላ ከሱቅ ገዝታ ነው የቀዳችው።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ፓስተሩ እንግዲህ ሁላችንም ተመርምረናል ብለው ወደ ማዕዱ መለሱን፤ ጠጣን። እንደዚያ የጣፈጠ የብርቱካንም የወይንም ጭማቂ ጠጥቼ አላውቅም። ሲያበቃ መስፍን ክንዴን ያዘኝ። ብዙ ሰው እጸልይልሃለሁ ይለኛል አለ፤ ስለ እኔ ብሎ በአደባባይ የተዋረደ ግን አንተ ብቻ ነህ። የረጠበ ሱሪውን እንዳደረገ ወደ ሥራው ሄደ። እኔ ደግሞ ዐይኔ እንባ አቀረረ፤ ትንሽ ትንሽ እንደ ጻድቅም ሳያደርገኝ አልቀረም።

ያ ስሜት ጽጌ አጠገብ እስክቀመጥ ቆየ። ወደ ቤት በሚወስደን አውቶቡስ ውስጥ፣ ጠርሙሱን ከፍታ ሲሸታት መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ምን እንደነበር ነገረችኝ። ምስኪን ባሌ ጭማቂ ነው ብለው ሸጠውለት፣ አታለሉት ብላ አንጀቷ ተላውሷል። ማዕዱን አብራት ለምታሰናዳው እህት እንኳ ተበላሽቷል ብላ ነው የደፋችው። እቤት ስንደርስ ደግሞ ቀስ ብላ ልትነግረኝ አስባ ነበር።

«እንዳታፍር ብዬ ነው እኮ ለማንም ያልተናገርኩት» አለችኝ።