ለሜዳ አገር የተራራ ብስክሌት

ብስክሌት ከመግዛቱ በፊት የብስክሌት ሊቅ የሚሆን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አለኝ፤ ቆላማዋ ሸሕዲ ከተማ የሚያስተምር ወዳጄ ነው። ክረምቱን ሙሉ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ከተራራ ቁልቁል የሚወርዱበትን ብስክሌት ሲያጠና ከረመ። ስለ ቴላዮው፣ ማለትም ስለ ብረት አካሉ ቅርጽና ንዝረት ስለሚያበርደው የኋላ ሞላ ሲጨነቅ ለልጁ ሚስት የሚመርጥ ይመስላል። በዚህ ለጥ ባለ ሜዳ ምን ቁልቁለት አለና?

ምክንያቱን የሰማሁት ከእሱና ከሚስቱ ጋር ብስክሌት መሸጫ ሱቅ ስንገባ ነው። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ጤና ጣቢያ ሊያደርሳት ያሰበው በብስክሌት ነው፤ በበጋ የሚሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ደግሞ ክፉኛ ያንገጫግጫል።

«ይኸው፣ ከፊትም ከኋላም ሞላ አለው!» አላት፣ የተራራውን ብስክሌት እያሳየ።

ብስክሌቱን ዞር ዞር ብላ አየችው። «የኋላ መጫኛ የለውም እኮ። እኔስ የት ልቀመጥ?»

ሊቁ ወዳጄ ይህን አላጠናም ነበር።

ሞላ የሌለውን ተራ ብስክሌት ከነመጫኛው ገዛ፤ በሰሊጥ ጆንያ ጥጥ ጠቅጥቆ አሰረበት። በቀጠሮዋ ቀን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እሷ ተቀምጣለች፤ እሱ በእግሩ እየሄደ ብስክሌቱን ይገፋል፤ እያንዳንዱን ስንጥቅ እየዞረ ያልፋል።

«በዚህ አካሄድህ ልጁ መንገድ ላይ ይወለዳል!» አለችው።

«ይወለድ፤ ብቻ አይንገጫገጭ» አላት፣ ዓይኑን ከመሬቱ ሳያነሳ።