የአሥራ ሰባት ቁጥር ቦርሳ

አንድን ነገር ማወቅ ቀላል የሚመስለው ጠያቂ እስኪመጣ ነው። ቃሊቲ ላይ ኢንተርኔት ቤት ከፍቼ ስድስት ኮምፒውተር በደረደርኩበት ዘመን ስለ ድረ ገጽ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። የራሴንም ሠርቼ የሰፈር ማስታወቂያ እለጥፍበት ነበር። ምን ያስዋሸኛል፣ ከሰው ጋር ስተዋወቅ ከስሜ በፊት የምናገረው እሱን ነበር።

ኩራቴን ያስተነፈሱት ጎረቤቴ እትዬ መኪያ ናቸው። ከስልጤ መጥተው ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ የጠያቂ ዕቃ ያስቀምጣሉ። ጠያቂ ሞባይልና ቦርሳ ይዞ አይገባም፤ ለእሳቸው ሰጥቶ ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ ይቀበላል። ሲወጣ ቆርቆሮውን ያሳያል፣ ዕቃው ይመጣለታል። አንድ ቀን ድረ ገጽ ምንድን ነው ቢሉኝ፣ “እንደ እርስዎ ሱቅ ነው” አልኳቸው። ገጹ ሩቅ አገር ባለ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል፤ ሰው ስሙን ጽፎ ሲጠይቅ ያ ኮምፒውተር አውጥቶ ይልክለታል። ካልጠየቁት ዝም ነው። ወደ ሌላ ኮምፒውተር ቢዛወር እንኳ ስሙ ስለማይለወጥ ፈላጊው አያጣውም።

ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ልባቸውን ነካቻቸው። መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ ሱቃቸው ራቅ ብለው ካሉት መጋዘኖች ጀርባ ሊዛወር ነበር፤ መደርደሪያቸው ላይ ደግሞ አሥራ ሰባት ቁጥር ቦርሳ አለ። አንድ ሽማግሌ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ አስቀምጠውት በዚያው ቀሩ። ወራት አለፉ። እትዬ መኪያ ከፍተው እንኳ አላዩትም። ይተዉት ለሚላቸው ሁሉ መልሳቸው “አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ” ነው። ፍርሃታቸው፣ ሽማግሌው መጥተው ባዶ መሬት ሲያዩ አደራዬን በላችው ብለው እንዳይመለሱ ነበር።

እኔ እያለሁ ምን ያስጨንቃቸዋል ብዬ፣ የኢንተርኔት መስመሩ በፈቀደልኝ ቀን “የአሥራ ሰባት ቁጥር ባለቤት ሆይ” የሚል ማስታወቂያ በትልቁ ለጠፍኩ። ጠርቼም አሳየኋቸው። አመስግነው ጥቂት አሰቡና፣

“የገጹን ስም ካልጻፉ አይመጣም አላልከኝም?” አሉ።

“ብያለሁ።”

“ታዲያ ስሙን ለሽማግሌው ማን ነገራቸው?”

ወደ ኮምፒውተሬ ዞሬ ማስታወቂያውን ይበልጥ በትልቁ ጻፍኩት።

በማግሥቱ ሱቁ ሲዛወር እትዬ መኪያ በድሮው ቦታቸው ምሰሶ ላይ ቆርቆሮ አሰሩ፤ በቀይ ቀለም 17፣ ከሥሩ ቀስት። በየመታጠፊያውም እንዲሁ። ሌላ አንድ ፊደል የለበትም። እኔ የተማርኩት ሰውዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ከክረምት በኋላ ሽማግሌው መጡ፤ በዚያው ዕለት የተፈታው ልጃቸው አብሯቸው ነበር። ያን ጊዜ ይፈታል ተብለው ኮቱን በቦርሳ ይዘውለት መጥተው ኖሯል። ሳይፈታ ሲቀር ከሐዘናቸው ብዛት ቦርሳውን ረስተው አገራቸው ገቡ፤ እዚያም ታመው ተኙ። ፊደል አያውቁም። ኪሳቸው ያለውን ቆርቆሮ ከምሰሶው ቆርቆሮ ጋር እያስተያዩ፣ ቀስቱን ተከትለው ነው የደረሱት። ልጁ ኮቱን ለበሰ፤ ሰፋው። ሽማግሌው ትከሻውን ደጋግመው ሲያስተካክሉለት እትዬ መኪያ ዕንባቸውን በሻሻቸው ጠረጉ።

አባትና ልጅ ከሄዱ በኋላ እትዬ መኪያ ባዶውን መደርደሪያ እየወለወሉ፣ “ያንተስ ድረ ገጽ፣ ሰው መጥቶለት ያውቃል?” አሉኝ።

ገጼ ጎብኚ ይቆጥራል፤ መዋሸት አልቻልኩም።

“አንድ ሰው መጥቶ ነበር፣ እትዬ መኪያ።”

“ማን?”

“እኔ።”