ሳይለመኑ የማይቀበሉት አቶ ፍቅሬ

ጋባዥን የሚያማርረው ሆዳም እንግዳ አይደለም። ሆዳም ሲቀርብለት ይበላል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። የጋባዥን ዕድሜ የሚያሳጥረው ርቦት ሳለ «በልቻለሁ» የሚለው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተ ዘመድ ከቶ አይገኝም፤ አቶ ይልማ ግን ከወገኑ ሁሉ በማዕረግ የበላይ የሆነውን መርጠው፣ ገዛ እህታቸውን ድረውለታል። የሰውየውም ስም ክቡር አቶ ፍቅሬ ነው።

አቶ ይልማ በደሴ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ደወል ሲደወል ይሰለፋል፤ ስም ሲጠራ «አቤት» ይባላል፤ ጥያቄ ሲጠየቅ ይመለሳል። ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ የሚሰጥ ተማሪ አንዱን ኮርጇል ብለው ያምኑ ነበር። እንግዲህ እኒህ ሰው ከአቶ ፍቅሬ ጋር በአንድ ከተማ እንዲኖሩ የፈረደባቸው ኃጢአታቸው ምን እንደሆነ እሳቸውም መርምረው አልደረሱበትም።

የክቡርነታቸው እምቢታ እንዲሁ የተዝረከረከ አይደለም፤ ሥርዓት አለው። በመጀመሪያው ጥሪ ቀኝ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ያሳርፉና «በልቻለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ። በሁለተኛው ወንበራቸውን ከገበታው ስንዝር ያህል ያርቁና «አሁን ከቤት ስወጣ ነው የቀመስኩት» ይላሉ። በሦስተኛው አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይላሉ። ዝምታው እሺታ ነው። ከዚያ በኋላ ሳህኑ ታጥቦ የመጣ እስኪመስል ድረስ ይጠረጋል።

ሀገር ቤት ሳሉ ይህ ማንንም አልጎዳም። ጋባዡም ድርሻውን ያውቃልና «በሞቴ» እያለ ይጎትታል፤ እሳቸውም ይጎተታሉ። መከራው የመጣው ጋባዡ አንድ ጊዜ ጠይቆ ወደሚሄድበት ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሚኒሶታ፣ ከአቶ ይልማ ጋር ተሰደው ሲገቡ ነው። በመጡ በሦስተኛው ቀን፣ በታኅሣሥ፣ ስደተኛ የምትቀበል አንዲት በጎ ፈቃደኛ ወፍራም ካፖርት ዘርግታ «ይፈልጋሉ?» አለቻቸው። መዳፋቸው ደረታቸው ላይ ወጣ። ሴትዮዋ «ኦኬ» ብላ ካፖርቱን ወደ ካርቶኑ መለሰችው። ክቡርነታቸው ያን የበረዶ ወራት በሹራብ ፈጸሙት።

«ገና እኮ ሁለት ጥሪ ይቀራት ነበር» አሉ ኋላ ለአቶ ይልማ፣ ቅር ብሏቸው።

ከብሩክሊን ፓርክ መጋዘን አትክልት እየጫኑ ለምግብ ቤቶች የሚያደርሱበት የጭነት መኪና ማሞቂያው ሲሰበርም ያው ሆነ። አሠሪያቸው «መኪናው ደኅና ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ፋይን ነው» አሉት። ሁለት ዓመት ሙሉ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጥለው ነዱ። አቶ ይልማ ይህን በሰሙ ቁጥር መንገጭላቸው ይቆለፋል።

ይህ ሁሉ በሳቅ ያልፍ ነበር፤ የየሺሀረግ ዐይን ባይታመም። የአቶ ፍቅሬ ሚስት፣ የአቶ ይልማ ታናሽ እህት የሺሀረግ፣ ሁለቱም ዐይኖቿ ሞራ ለበሱ። ሐኪሙ በአጭር ቀዶ ሕክምና እንደሚገፈፍ ነግሯታል። የአቶ ፍቅሬ ሥራ ግን ኢንሹራንስ የለውም፤ ያለ ኢንሹራንስ ደግሞ የሐኪሙ በር አይከፈትም። ሴትዮዋ ደረጃ የምትወርደው ባሏ እጇን ይዞ ሲቆጥርላት ነበር።

እንዲህ ሳለ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስድስት ዓመት በጥር ወር፣ ሚስዝ ሊን ላከችባቸው። ሚስዝ ሊን በሴይንት ፖል በዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ የሰፊ የቻይና ምግብ ቤት ባለቤት ናት። አቶ ፍቅሬ ስድስት ዓመት አትክልት ሲያደርሱላት አትክልቱ የበሰበሰበትን ሣጥን ራሳቸው ለይተው ሲመልሱ አይታለች። አሁን የዕቃ ግምጃ ቤቷ ኃላፊ በጡረታ ሊሄድ ነው። «እሑድ ከነቤተሰብዎ ይምጡ፤ ስለ ሥራ እንነጋገራለን፤ ኢንሹራንስ አለው» አለች።

አቶ ይልማ ሁሉንም በመኪናቸው ጭነው ሲነዱ፣ በመስተዋቱ አማቻቸውን እያዩ መመሪያ ሰጡ።

«ፍቅሬ፣ ዛሬ ከአፍህ የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው። ምን?»

«እሺ።»

«ድገመው።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«ጋሼ የለበትም።»

ምግብ ቤቱ እንደ ገበያ ይጮኻል። ሴቶች የቀርከሃ ቅርጫት በላይ በላዩ የተደረደረበት፣ እንፋሎት የሚተፋ ጋሪ እየገፉ በገበታዎቹ መካከል ይመላለሳሉ፤ የፈለጉትን አመልክቶ ማስወረድ ነው። ሚስዝ ሊን አሳማ የማይበሉ መሆናቸውን ታውቃለችና፣ አሳማ የጫነው ጋሪ በዚያ በኩል እንዳያልፍ አዝዛለች። እንዲህ ያለች ጋባዥ ናት።

የመጀመሪያው ጋሪ ቆመ። ገፊዋ የአንዱን ቅርጫት ክዳን ከፍታ «ዓሣ?» አለች። በስስ ሊጥ የተጠቀለለው ዓሣ ያብለጨልጫል። የክቡርነታቸው መዳፍ ደረታቸው ላይ ወጣ። ጋሪው ሄደ። በዐይናቸው እስከ አራተኛው ገበታ ሸኙት፤ እንደሚመለስ ሰው ይጠብቁታል። ሁለተኛው መጣ፣ ሄደ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ሻይ ብቻ ሳይጠየቅ ይቀዳ ነበርና አሥራ አንድ ሲኒ ጠጡ።

በገበታው መካከል ሳህን የሚሽከረከርበት ክብ ሰሌዳ ነበረ። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጃቸው ኢያኤል ሰሌዳውን አዙራ የዶሮውን ሳህን አባቷ ፊት አቆመችው። አባቷ በአንድ ጣት ገፋ አድርገው ወደ ሚስዝ ሊን መለሱት። ልጅቱ እንደገና አዞረችው። እንደገና ሄደ። አቶ ይልማ ይህን ሲያዩ ሹካቸውን አስቀመጡ።

በመጨረሻ ሚስዝ ሊን እጆቿን አጣጥፋ ተናገረች። «ሚስተር ፍቅሬ፣ ከመጋቢት ጀምሮ ግምጃ ቤቱን ይያዙልኝ። ሥራው በቀን ነው። ኢንሹራንሱ ለቤተሰብዎ በሙሉ ነው።»

አቶ ይልማ ዐይናቸውን በአማቻቸው ቀኝ እጅ ላይ ተከሉ። እጁ ከገበታው ተነሣ። ወደ ላይ ወጣ። ደረት ላይ ዐረፈ።

«አመሰግናለሁ፤ ይቅርብኝ» አሉ ክቡር አቶ ፍቅሬ። «ከእኔ የተሻለ ሰው አያጡም።»

«ዳድ፣ ጀስት ሴይ የስ» አለች ኢያኤል። ልጅቱ በእንግሊዝኛ ከተናገረችው ሁሉ አቶ ይልማ ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙበት ይህ «እሺ በል ብቻ» ማለቷ ነበር። በገበታው ሥር አማቻቸውን ሊረግጡ እግራቸውን ሰደዱ፤ የሚስዝ ሊንን ወንበር መቱ። ሚስዝ ሊን ግን አቶ ፍቅሬን ጥቂት ተመለከተቻቸው፤ ሲኒያቸውን ሞላች፤ ስለ ብርዱ ማውራት ጀመረች።

የመኪና ማቆሚያው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። አቶ ይልማ ግን ሙቀት እንጂ ብርድ አልተሰማቸውም።

«አንድ ቃል ነበር ያስጠናሁህ» አሉ። «የአንደኛ ክፍል ሕፃን አንድ ቃል አይጠፋበትም። ለመሆኑ የሚስትህ ዐይን ከማን የሚለመን መሰለህ?»

«ደግማ ትጠይቀኛለች፣ ጋሼ።»

«ማን? እዚህ ሀገር ማንም ደግሞ አይጠይቅም። ካፖርቱ ተመልሶ መጣልህ?»

«የመጀመሪያው ጥሪ እኮ ከአፍ አምልጦ ሊሆን ይችላል» አሉ አቶ ፍቅሬ በእርጋታ። «ሰው በደግነት ይናገርና ማታ ይጸጸታል። ቃሉን የሚመልስበት በር ልተውለት ብዬ ነው። ከልቡ ከሆነ ይደግመዋል።»

«ይህ ፍልስፍና ሳይሆን ስንፍና ነው። እምቢ ካሉ እምቢ ነው፤ እሺ ካሉ እሺ ነው።»

አቶ ፍቅሬ በረዶውን በጫማቸው ገፋ አደረጉ። «እርስዎስ ሽማግሌዎቼን ስንት ጊዜ መለሱብኝ?»

አቶ ይልማ የመኪናውን መስተዋት በእጅጌያቸው መጥረግ ጀመሩ። አባታቸው ሞተው ስለነበር እህታቸውን የመዳር ሥልጣን የእሳቸው ነበር። የፍቅሬን ሽማግሌዎች በመጀመሪያው ቀን «ልጅቷ ገና ናት» ብለው መለሱ፤ በሁለተኛው «ዘመድ ይምከርበት» ብለው መለሱ። ፍቅሬን ከመጀመሪያው ቀን ወደውት ነበር። እሑድ ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ ሦስቱ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ሲታዩ፣ ደስታቸው እንዳይታወቅባቸው ወደ ጓዳ ገብተው ነበር።

«ያ ሌላ ነው» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ግን የዳይሬክተር ድምፅ አልነበረም።

«ሁለታችሁም ዝም በሉ» አለች የሺሀረግ፣ የመኪናውን በር በዳበሳ እየፈለገች። «ለእናንተማ ክብራችሁ ይታያችኋል። የማላየው እኔ ነኝ።»

አቶ ይልማ መኪናውን አስነሥተው ማሞቂያውን ለቀቁላቸውና ብቻቸውን ወደ ምግብ ቤቱ ተመለሱ። በዕድሜያቸው ማንንም ለምነው አያውቁም። ሚስዝ ሊን እዚያው ገበታ ላይ ተቀምጣ፣ ሳይነካ የተረፈውን በካርቶን ታስጠቀልል ነበር። አጠገቧ ቆመው፣ በተጠና እንግሊዝኛ፣ የሀገራቸውን የግብዣና የእምቢታ ሥርዓት ከመሠረቱ ማስረዳት ጀመሩ። ገና መግቢያው ላይ ሳሉ አቋረጠቻቸው።

«እናንተ ዘንድ ስንት ጊዜ ነው?»

«ሦስት።»

«እኛም ዘንድ ሦስት ነው። አባቴ ግን አራት ነበሩ፤ እናቴ በዚህ ስታማርር ኖረች።»

አቶ ይልማ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«በአንድ ምሳ ሁለት ጊዜ መጠየቅ ሰውን ማዋከብ ነው። ሁለተኛውን ለፊታችን እሑድ አስቤው ነበር።»

«ሦስተኛውንስ?»

«ለሚቀጥለው።» ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። «ነገር ግን ቅጥሩን የያዘው የልጄ ባል ነው፤ እሱ እዚሁ ነው የተወለደው። አሁን መጥቶ ጠይቆኝ ነበር። ‹ኖ ካለ ኖ ነው፤ ነገ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ› ብሎ ሄዷል።»

አቶ ይልማ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንግዲያውስ የቀሩትን ሁለቱን አሁን ይጠይቁልኝ። እባክዎን።»

ሚስዝ ሊን በስስ ሹራቧ ተነሥታ ወጣች። አቶ ፍቅሬ ሲያዩዋት ከመኪናው ወረዱ። ሥራውን ለሁለተኛ ጊዜ ጠየቀቻቸው።

«እርስዎን ማስቸገር ይሆንብኛል» አሉ ክቡርነታቸው፣ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው።

አቶ ይልማ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱት፤ ውጭ ቢቀር የሚያደርገውን አላመኑትምና። ሚስዝ ሊን ከንፈሯ በብርድ ጠቁሮ፣ አንድም ቃል ሳታሳጥር፣ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀች። አቶ ፍቅሬ አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ።

«ተቀብሏል» አሉ አቶ ይልማ ፈጥነው።

«አያለሁ» አለች ሚስዝ ሊን፣ የተጠቀለለውን ምግብ በመስኮቱ ለኢያኤል እያቀበለች።

ኢንሹራንሱ መጣ። በግንቦት ወር የየሺሀረግ ቀኝ ዐይን ተሠራ፤ በማግሥቱ ጠዋት ፋሻው ሊነሣ ሁለቱ ወንዶች በክሊኒኩ መተላለፊያ ቆመው ጠበቁ። ነርሷ ወጥታ ፋሻው መነሣቱን፣ ለጊዜው መግባት የሚችለውም አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ነገረቻቸው። «ባሏ ማን ነው?» አለች።

አቶ ፍቅሬ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። «ጋሼ ይቅደሙ። የእናትዎ ልጅ ናት።»

ነርሷ አልለመነችም። በሩን ለአቶ ይልማ ከፈተችላቸው።

ሦስት ዓመት ሙሉ ደረጃ እየቆጠረ ያወረዳት፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ ያንጠባጠበላት፣ ሌሊት በሸሚዙ እጅጌ እንባዋን የጠረገላት ይህ ሰው ነው፤ አሁን በሩ ላይ ተራውን ያስረክባል። አቶ ይልማ ኮሌታውን አንቀው ያዙት። ከዳይሬክተርነታቸው ዘመን ወዲህ በማንም ላይ እንዲያ እጃቸውን አሳርፈው አያውቁም። ገፍተው አስገቡትና በሩን ዘጉበት።

ከውስጥ የእህታቸው ድምፅ ተሰማ። «ውይ ፍቅሬ፣ እንዲህ ሸብተህልኛል እንዴ? ምነው ማንም አልነገረኝ?»

አቶ ይልማ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው እንደ ዘበኛ ቆሙ። ነርሷ ሰዓቷን አይታ ልትገባ ብትቀርብ፣ መነጽራቸውን እያበሱ፣ «አይቻልም» አሏት።