ይማም አበላው

የበዓል ዋዜማ መንገድ ዳር ቆማችሁ መኪና ጠብቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠብቄያለሁ። ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ደጀን አስተማሪ ሆኜ ከተመደብኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ቅዳም ሹር ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ አዲስ አበባ ልሄድ ብቅ አልኩ። ከደብረ ማርቆስ የሚመጣው መኪና ሁሉ አይቶኝ ያልፋል። ለምን ቢሉ በግና ዶሮ ጭኗላ። የጎጃም ዶሮ ፋሲካን አዲስ አበባ ሊውል ዓባይን ሲሻገር እኔ ቆሜ አያለሁ። እነሱ ሊበሉ ሄዱ፤ እኔ ልበላ ፈልጌ ቀረሁ። የመጀመሪያውን አጥብቃችሁ፣ ሁለተኛውን አላልታችሁ አንብቡልኝ፤ አለዚያ ነገሩ ይበላሻል።

መቅረቱስ ይሁን። ጉዱ መሰናበቴ ነው። ለከተማው ሰው ሁሉ "ፋሲካን ከእናቴ ጋር ነኝ" ስል ሰንብቻለሁ። ስሞ ያልሸኘኝ የለም። ጎረቤቴ አቶ በላይማ አዲስ አበባ ላለች እህታቸው አድርስልኝ ብለው አንድ ቅል ቅቤ አሸክመውኛል። አሁን በምን ዓይኔ ልመለስ? በጓሮ ዞሬ ገባሁና ክፍሌን ከውስጥ ቀረቀርኩ። ሰው እንዳያየኝ ብዬ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አልሄድኩም።

ሲነጋ የዶሮ ወጥ ሽታ ከየቤቱ ተነሣ። ከእናቴ ተለይቼ በዓል ውዬ አላውቅም። የኔን ድርሻ ለማን አውጥታው ይሆን እያልኩ አለቀስኩ። ምን ይደበቃል፣ ትልቅ ሰውዬ ተቀምጬ አለቀስኩ።

አከራዬ ጋሽ ይማም የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ንፍጤን ስስብ ሰማችኝ። እኔን አዲስ አበባ ነው ብላለችና "መምህሩ ቤት ሌባ ገብቷል" ብላ ባሏን ጠራች። ጋሽ ይማም ዱላ ይዘው ከች አሉ። በሩን ከፍቼ ስወጣ ዱላው ቀስ ብሎ ወረደ። እንዴት ቀረህ አላሉኝም። በልተሃል ወይ ነው ያሉኝ። አልበላሁም አልኩ። በእሳቸው ግቢ፣ በፋሲካ ቀን፣ ክርስቲያን ጾሙን ሊውል? ፊታቸው ተለዋወጠ።

መቼም ታውቁታላችሁ። እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም። ቤታቸው ሥጋ ሞልቷል፤ ለኔ ግን አይሆንም። እትዬ ዘሀራ ወተት ይዛ መጣች። ጋሽ ይማም መለሷት። የፋሲካን ጾም በወተት የሚፈታው የጡት ልጅ ነው አሉ። ከዚያ ጥምጥማቸውን ጠበቅ አደረጉና እጄን ይዘው ወጡ።

መጀመሪያ አቶ በላይ ቤት። "እንኳን አደረሳችሁ፣ ጾመኛ አምጥቻለሁ" አሉ ከደጃፉ። አቶ በላይ ከኔ ይልቅ ስለ ቅሉ ጠየቁ። ቤቴ ነው ስላቸው፣ እህቴ በደረቁ ዋለቻ ብለው ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ተቆጡኝ። ለምን ቀጥ ብለህ አልገባህም፣ በፋሲካ ጥሪ የሚጠብቅ ሰው ከየት የመጣ ነው አሉ። ለኔ ዶሮው ቀረበ። ለጋሽ ይማም ብርዝ፣ ያልፈላ የማር ውሃ፣ ተቀዳላቸው። ብርዙን ይዘው ትሪዬን ይቆጣጠራሉ። እጄ ዘገየት ሲል "ብላ እንጂ" ይላሉ። ከዚያ ሌላ ቤት፤ ከዚያም ሌላ። ኋላ ላይ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ በቃኝ ብላቸው፣ "እንዳላግዝህ አልችል፤ በል በርታ" አሉኝ።

ቀልዳቸውን አልነበረም። የጨነቃቸው ሰው በግቢያቸው ብቻውን እንዳይውል ነው። ያን ዕለት ደጀን አገሬ ሆነ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። ሰኞ አንድ ሾፌር አገኘሁና ፋሲካን እንዴት እንደዋልኩ አጫውቼው፣ ቅቤውንም፣ ለእናቴ ደህና ነኝ የሚል መልእክትም ሰጠሁት። እናቴ ልጄን በፋሲካ ማን አበላው ብላ ጠየቀችው። ሾፌር ደግሞ ችኩል ነው። "ይማም አበላው" አላትና መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ይህ ቃል በእናቴ ጆሮ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ልጇ ሃይማኖቱን ለውጧል። በማግስቱ ጠበል በጠርሙስ ይዛ ዓባይን ወርዳ ወጣች። ግቢያችን ስትደርስ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ማዕተቤን ከአንገቴ ላይ ፈልጋ ዳሰሰች። ማዕተቡ አለ። ጠበሉን ግን ለማንኛውም ብላ አፈሰሰችብኝ።

ጋሽ ይማም ነገሩ ሲገባቸው ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። እናቴ አፍራ መሬት መሬት ታያለች። ሳቃቸው ሲያባራላቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

"እናቴ፣ ለመሆኑ እህል ቀምሰዋል?"

ወሬውን ከሰማች ጀምሮ አልቀመሰችም። ጋሽ ይማም ጥምጥማቸውን ጠበቅ አደረጉ።

እናቴ ደጀን ሳምንት ሰነበተች። ስትመለስ የንስሐ አባታችን እንዴት ነበር ሲሏት "ይማም አበላኝ" አለቻቸው። ሳያስጨርሷት ስግደት አዘዙባት አሉ። እስከ ጰራቅሊጦስ ግን ስለማይሰገድ፣ ከዚያ በኋላ እንድትጀምር ነው።

እናቴ ታዲያ ልታስረዳቸው አልሞከረችም። ጊዜ ካለማ አንዴ ደጀን ደርሼ ልምጣ ብላ ሻንጣዋን አነሣች።